ይድረስ ለክቡር ስቴል ኤለመንት ሬፈረንስ ኤክሴፕሽን (ቴስት የያዘው የገጽ ክፍል ከገጹ ሲነሳ ብቅ ለሚሉት ስህተት)፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሲፈልጉ መጥተው ሲፈለጉ ስለመጥፋትዎ

ክቡር ሆይ፣ ትናንት ማታ ሪሊዝ ሊወጣ አንድ ቴስት ሲቀረው ብቅ ስላሉልን እናመሰግናለን። ሥራው ቀላል ነበር፦ በትዕዛዞች ሰንጠረዥ ላይ «ያልተከፈለ» የሚለውን ማጣሪያ መምረጥ፣ የመጀመሪያውን ረድፍ «አጽድቅ» በተን መያዝ፣ መጫን። በመያዝና በመጫን መካከል ያለችው ቅጽበት ግን ለእርስዎ ሰፊ አዳራሽ ናት። የሰርቨሩ መልስ እዚያች መሃል ደረሰ፤ ገጹ ሰንጠረዡን አፍርሶ በአዲስ ተካው፤ ብሮውዘሩን ለቴስቱ የሚነዳው ሴሌኒየም የያዘው መለያ የሌለ በተን መለያ ሆኖ ቀረ። ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ፓይፕላይን ቀላ፣ ቴስቱ ወደቀ። ዴቨሎፐሩ በላፕቶፑ ሲያስኬደው አረንጓዴ፤ ሰርቨሩም እዚያው ላፕቶፑ ላይ ስለሆነ መልሱ በተኑ ከመፈለጉ በፊት ይደርሳላ! ፓይፕላይኑ ላይ ሲደገምም አረንጓዴ። «ችግሩ ቴስታችሁ ነው» ተባለ፣ ያውም በሰው ፊት።

አሠራርዎን እናውቀዋለን። የቢሮ ቁጥር 12 ኃላፊ ተዛውረው ሌላ ሰው ተተክቷል፤ በሩም ወንበሩም ያው ነው፤ ደብዳቤው ግን በቀድሞው ስም ስለተጻፈ «አስቀይረህ ና»። እሺ፣ እናስቀይራለን፦ ከማጣሪያው በፊት አሮጌውን ረድፍ እንይዛለን፣ እንመርጣለን፣ «አሮጌው ተነሳ ወይ?» እያለ በሚያየው ስቴልነስ ኦፍ አሮጌው እስኪነሳ እስከ 10 ሰከንድ እንጠብቃለን፣ ከዚያ በተኑን በትዕዛዝ ቁጥሩ እንደ አዲስ እንፈልጋለን። ገጹን የሚስለው ሪያክት ጽሑፉን ብቻ ቀይሮ ያንኑ ረድፍ ከተጠቀመበት ግን አሮጌው አይነሳም፤ ያኔ የሚጠበቀው የጽሑፉ መለወጥ ነው። የሴሌኒየም ጠባቂ ዌብድራይቨር ዌይትም በየግማሽ ሰከንዱ ቢያይም በራሱ ችሎ የሚያልፈው «አልተገኘም»ን ብቻ ነው፤ እርስዎን በስም ካላስመዘገብንዎ ይፈነዳል።

ደግሞ ስማ፣ አንተ! ከአንተ የሚብሰው በስምህ የሚሠራው ነው። ሙሉውን ፈንክሽን በሪትራይ (ሲወድቅ ከላይ በሚያስጀምር ኮድ) ጠቅልሎ ሦስቴ እየሞከሩ አረንጓዴ ማድረግ! «ክፈል» ተጭኖ ደረሰኙ ሲነበብ ብቅ ትላለህ፤ ሪትራዩ ከላይ ይጀምራል፤ «ክፈል» ሁለቴ ይጫናል። ሰንጠረዡን ያለምክንያት ሁለቴ የሚስለው እውነተኛው ባግም እዚያው ይቀበራል። የሚደገመው ፍለጋውና አንዷ ጠቅታ ብቻ ናት። ምኑ ከበደ?

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በየቴስቱ 5 ሰከንድ ዝም ብሎ እያስጠበቀ በ300 ቴስት 25 ደቂቃ ለሚበላው ስሊፕ 5
የሴሌኒየሙ ፔጅ ፋክትሪ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚፈልገውን በተን አንዴ ይዞ ለሚያስቀረው ካሽ ሉክአፕ
«በእኔ ማሽን ይሠራል» ላሉት ዴቨሎፐር