ቁጭ ብድግ የጂም መታወቂያ አይጠይቅም

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮ ላይ አንድ የስፖርት አሠልጣኝ ያወራል። «ለዓመታት ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው ቤቱ የሚሠራው ስፖርት ዋጋ የለውም። ጂም ገብቶ በማሽን ይጀምር። ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ለስፖርተኛ ነው» አለ። አጠገቤ የነበሩ እናት «እውነቱን ነው» አሉ። እኔን ያበሳጨኝ የእሳቸው ማመን ነው።

ዋጋ የለውም? ካናዳ ያሉ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እኮ ሞክረውታል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ስፖርት የማይሠሩ ወጣቶች፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ 11 ደቂቃ ብቻ ሠሩ። አንድ ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ አንድ ደቂቃ ደግሞ ባሉበት ቀስ ብሎ መራመድ። በ6 ሳምንት ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በ7 በመቶ ያህል አደገ። ማሽኑ የታል?

«ለስፖርተኛ ነው» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ነገሩን ገልብጦታል። ስፖርተኛውን ለማድከም ብረት መጫን ያስፈልጋል። ቁጭ ብሎ ለኖረ ሰው ግን የገዛ ሰውነቱ ብረት ነው። እህቴ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ናት። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁልጊዜ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትቆምና ስልኳን ታወጣለች። የደወለላት ሰው የለም፤ ትንፋሽ ነው የምትሰበስበው። ለእሷ ደረጃው ራሱ ከባድ ስፖርት ነው። «ጠንካራ» ማለት የሚለካው በሠሪው ትንፋሽ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረህ አየር ካጠረህ ደርሰሃል፣ በቃ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ትደርሳለህ።

እህቴ የጀመረችው በወጥ ቤት ወንበር ነው። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፋ 20 ሰከንድ ቁጭ ብድግ፣ 40 ሰከንድ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ። ስድስት ዙር። ዝላይ የለም፤ ጉልበቷም ይጎዳል፣ ታች ያሉት ጎረቤቶችም ይረበሻሉ። በሁለተኛው ወር አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይዛ ሳትቆም ወጣች።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ደረቱን የሚወጋው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። እሺ። ጂም ለሚገባስ ይህንኑ አይደል የምንለው? የወር ክፍያውን የማይችል ሰው «ቤትህ አትሞክር» ሲባል ጂም አይሄድም። ወንበሩ ላይ ይቀራል። አሠልጣኙ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብዬ አላምንም።

እኚያ እናት ሜክሲኮ ላይ ወረዱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ነው ከመቀመጫው የተነሱት። ያንኑ መነሳት ቤታቸው፣ ወንበር ላይ፣ 20 ሰከንድ ቢደጋግሙት መጀመሪያቸው እንደሚሆን ሳልነግራቸው ታክሲው ተነሳ።