መረቡ ሞላ ማለት ባሕሩ ሞላ ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በተሳፈርሁበት ታክሲ ሬዲዮ ላይ ስለ ባሕር ሀብት ውይይት ይተላለፍ ነበር። እንግዳው «ትንንሾቹ የባሕር ዳርቻ ዓሦች በየዓመቱ ስለሚተኩ አያልቁም፤ መረቡ ሞልቶ እስከ ወጣ ድረስ ባሕሩም ሙሉ ነው» ሲሉ፣ አቅራቢው አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳያነሣ ወደ ማስታወቂያ ተሻገረ።

በየዓመቱ መተካት የተባለው ማጽናኛ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። በቀይ ባሕርና በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖረው፣ ርዝመቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ባለ ሰማያዊ መስመር ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት እምብዛም አያልፍም። የዘንድሮው ትውልድ ሳይራባ ተጠርጎ ቢያልቅ፣ ለከርሞ ዘር የሚሆን አሮጌ ዓሣ አይተርፍም። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖርን ቤተሰብ «ጎተራው ሙሉ ነው» የሚል ሰው በእኛ ሬዲዮ ባለሙያ ይባላል።

የመረቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። ይህ ዓሣ ቀን ቀን ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ጎረቤቱን በዓይኑ እየተከተለ፣ ተጠጋግቶ ይውላል፤ ሲመሽ ተበትኖ ወደ ገላጣው ባሕር ይወጣና ጥቃቅን ተንሳፋፊ እንስሳትን ሲለቅም ያድራል፤ ሲነጋ ተመልሶ ይሰበሰባል። ከመንጋው ግማሹ ቢያልቅ የቀረው እንደገና ይጠጋጋል እንጂ ተራርቆ አይኖርም። አሥር መንጋ የነበረው ወደ አምስት መንጋ ቢወርድም፣ ዓሣ አጥማጁ በአንድ ጊዜ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነውና፣ እሱን እስካገኘ ድረስ መረቡ እንደ አምናው ሞልቶ ይወጣል፤ ሁለት ሲቀሩም ሞልቶ ይወጣል። ሙሉ መረብ የሚመሰክረው የዓሦቹን መጠጋጋት እንጂ መብዛታቸውን አይደለም። ይህን የሚጠራጠር አንቾቪ የተባለውን የፔሩን ትንሽ የባሕር ዓሣ ይመልከት፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ተጠምዶ ነበር፤ በ1973 ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ አሽቆለቆለ። የባሕሩን ውኃ የሚያሞቀው ኤልኒኖ እጁ እንዳለበት አልክድም፤ ነገር ግን ኤልኒኖ ከጥንትም ሲመጣና ሲሄድ የኖረ ነው፤ አዲሱ ነገር የመርከቡ ብዛት ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ ጣሳ ሰርዲን ገዛሁ። ስከፍተው በዘይት የተነከሩ አራት ዓሦች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ጭንቅላት የላቸውም። የዓሣን ዕድሜ የምትናገረው፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበቷ የሚቆጠረው የጆሮ ድንጋይ ያለችው ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እንግዳው በሚቀጥለው ፕሮግራም «አያልቅም» ከማለታቸው በፊት ዓሣውን ከነጭንቅላቱ ይመርምሩት።