ይድረስ ለአንጋፋው የውይይት መድረክ

ቁጥር፦ የለውም (ቁጥር የሚሰጠው ከ10 ልጥፍ በኋላ ነው)
ቀን፦ ማክሰኞ ማታ፣ ካፕቻው (ሮቦት አለመሆንን የሚያጣራው ፈተና) ለሦስተኛ ጊዜ ጊዜው ካለፈበት በኋላ
ጉዳዩ፦ «ከመጠየቅዎ በፊት ይፈልጉ» የሚለውን ትእዛዝ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን ዕድሜዎን ላረዘመ አምላክ ምስጋና እናደርሳለን። በኢንተርኔት 20 ዓመት መኖር የማቱሳላን ዕድሜ መኖር ነው። ከገጽዎ ግርጌ «አሁን ያሉ፦ 3 አባላት፣ 412 እንግዶች» የሚለውን አይተን ደስ ብሎናል። ከእንግዶቹ አብዛኞቹ የጉግልና የመሰሎቹ ሮቦቶች መሆናቸውን ለማንም አንናገርም።

ወደ ጉዳያችን እንግባ። በዚህ ሳምንት አንድ ባለጉዳይ በርዎን አንኳኳ። ቪትዝ አለችው። ጠዋት ስትነሳ፣ ፍጥነቷ 20 አካባቢ ሲደርስ ትንቀጠቀጣለች። ካምቢዮዋ ሲቪቲ (በጥርስ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ኦቶማቲክ) ነው። ጋራዡ «ዘይት ይቀየር» ብሎታል፤ የቱ ዘይት የሚለው ላይ ግን ጋራዡ ራሱ ጉሮሮውን ጠርጓል። እርስዎ የተፈጠሩት ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ነበር። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ የተራ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከገባበት ቀበቶው መያዝ ያቅተውና ይንሸራተታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚገዛው ዘይት ሳይሆን ካምቢዮ ነው። በአንድ መስመር የሚያልቅ መልስ።

መጀመሪያ «ይመዝገቡ» ተባለ። ፓስወርዱ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይኑረው ይላል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ እንደሌለው የነገርዎ ሰው እስከ ዛሬ አለመገኘቱ ይገርማል። ካፕቻው የተጠማዘዘ የላቲን ፊደል ነው፤ ባለጉዳዩ ዓይኑን አጥብቦ እስኪለየው ድረስ ጊዜው አለፈ፣ ቅጹም የሞላውን ሁሉ ውጦ ባዶውን ተመለሰ። ሦስቴ። ከዚያ «የማረጋገጫ ኢሜይል ልከናል» አሉት። አልደረሰም። ይህም ቢሆን የሰይጣን ሥራ አይደለም፦ ጂሜይል ከ2024 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) መጀመሪያ ወዲህ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የሚባለውን የላኪ ማረጋገጫ በዶሜይኑ (በድረ ገጹ ስም) ላይ ላላስቀመጠ ሁሉ ፊቱን አዙሯል። ማረጋገጫው በዶሜይኑ መዝገብ ላይ የምትጨመር አንዲት መስመር ናት። እርስዎ አልጨመሩም፤ ደብዳቤዎ በስፓም ሳጥን ውስጥ፣ ሎተሪ ደረሰህ ከሚሉት መካከል ተገኘ።

ገባ፤ እልል። ሕግ አክባሪ ነውና እንደታዘዘው ፈለገ። «ቪትዝ» ብሎ ጻፈ። «የፈለጉት ቃል በጣም አጭር ነው።» «ዘይት» አለ። «እባክዎ ሌላ ፍለጋ ከማድረግዎ በፊት 30 ሰከንድ ይጠብቁ።» ጠበቀ፤ ደገመው። «የፈለጉት ቃል በጣም አጭር ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ ሰው ነግሮዎት አያውቅ ይሆናልና። ከስርዎ ያለው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ማይአይሳም በሚባለው በቆየው የሰንጠረዥ ዓይነት ላይ ደግሞ ከ4 ፊደል ያነሰ ቃል ወደ ፍለጋ ማውጫው አይገባም። ሲተከል እንዲያ ሆኖ ነው የሚመጣው። ለእንግሊዝኛ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ የዚያ ቋንቋ አጫጭር ቃላት ሲበዙ መስተዋድድና አያያዥ ናቸው። የእኛ አንድ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢውን አዝሎ ነው የሚሄደው። ቡና፣ ቤት፣ ሥራ፣ ቪዛ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ሞተር፦ የአዳም ልጅ የሚጠይቀው ነገር ሁሉ ከ4 በታች ነው! ማስተካከያው ያንን 4 ወደ 2 ማውረድ፣ ዳታቤዙን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ከዚያ ማውጫውን እንደ አዲስ መገንባት ነው፤ ይህች የመጨረሻዋ ከተዘለለች የፊተኞቹ ሁለቱ ከንቱ ድካም ናቸው። የመድረኩ ሶፍትዌር የራሱ ገደብ ስላለው እዚያም መቀነስ ያስፈልጋል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። (በ«ሥራ» የፈለገ ሰው በ«ስራ» የተጻፈውን እንደማያገኝ ለጊዜው እንተወው፤ በንጉሡ ሠ ነገር ከጀመርን አንጨርስም።)

«ካምቢዮ» 4 ፊደል ስለሆነ አለፈ። ኤን ፒ አር ወጣ፣ ሲኖትራክ ወጣ፣ የትራክተር ካምቢዮ የሚሸጥ ሰው ወጣ። ቪትዝ የለችም።

ስለዚህ ጠየቀ። ጨዋ ሆኖ፣ የመኪናዋን ዓመተ ምህረት ጽፎ፣ ምልክቷን ዘርዝሮ፣ «እባካችሁ ወንድሞች» ብሎ። በ11 ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣለት፤ ቀርፋፋ ናቸው የሚልዎ ይፈር። 14,000 ልጥፍ ያላቸው፣ ከስማቸው ስር «የክብር አባል» የሚል ጽሑፍና አምስት ኮከብ የደረደሩ ጋሼ «ተደጋጋሚ ጥያቄ። ፍለጋ የሚባል ነገር አለ። ተዘግቷል» ብለው ቆለፉት፤ ከስሩም ሊንክ ወረወሩለት። ሊንኩ የ2009 ርዕስ ነው። 23 ገጽ። ገጽ 1 ላይ «ከታች በሥዕሉ እንደምታዩት» ይላል፤ ሥዕሉ የለም። ገጽ 2 እስከ 22 የናፍጣ ይሻላል የቤንዚን ጦርነት ነው። ገጽ 23 ላይ አንዱ በትክክል ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ፣ ሌላው «በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ» ብሎት አልቋል።

በውስጥ መስመር!

ባለጉዳዩ ታገሠ። አዲስ ርዕስ ከተከለከለ በአሮጌው ስር ይጠየቃል ብሎ እዚያው ጻፈ፦ «ወንድም፣ መልሱን ለእኔም ብትነግረኝ።» ጋሼ ተመለሱ፦ «የሞተ ርዕስ መቀስቀስ ክልክል ነው። አንደኛ ማስጠንቀቂያ።»

እንግዲህ አዲስ እንዳይከፍት ጥያቄው አሮጌ ነው፤ በአሮጌው እንዳይጠይቅ ርዕሱ አሮጌ ነው። በመስኮት 3 «መጀመሪያ መስኮት 7»፣ በመስኮት 7 «መጀመሪያ መስኮት 3» የሚሉት መሥሪያ ቤቶች እንኳ ከመካከል ሻይ ለመጠጣት ያስወጣሉ። ምን አደረገህ ይህ ሰው? ገንዘብ ጠየቀህ? ሰደበህ? ዘይት ነው የጠየቀህ! መልሱን ታውቀዋለህ፤ «ተዘግቷል» ብለህ ሊንክ ፈልገህ ለመለጠፍ የፈጀብህ ጊዜ መልሱን አራቴ ያስጽፍህ ነበር። አንተም ጥያቄህን ይዘህ የመጣህበት ቀን ነበረ፤ ያን ቀን ያስተናገደህ ሰው ኮከብህን አልቆጠረም።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ «እርስዎ» ተመልሰናል።

ሰዎችዎ «አባላቱን ፌስቡክ ወሰደብን፣ ቴሌግራም ወሰደብን» ይላሉ። አልወሰዱም። ነባር አባል በየትም መድረክ ይሄዳል፦ ያገባል፣ ይወልዳል፣ መኪናውን ይሸጣል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ይህ የማይቀር ነው፤ መድረክ የሚኖረው በሚሄዱት ምትክ በሚገቡት ነው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2006 እንደጻፈው፣ በእንዲህ ዓይነት ስብስብ ከመቶው 90ው አንብቦ ይወጣል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ 1ዱ ነው ሥራውን የሚሸከመው። ያ 1 ከሰማይ አይወርድም። ከ90ው ውስጥ አንድ ቀን ጉዳይ ገጥሞት የጠየቀ፣ በደንብ የተመለሰለት፣ በወሩ ደግሞ ለሌላው የመለሰ ሰው ነው። ጠያቂውን ሲቆልፉ የቆለፉት የነገውን መላሽ ነው። በዊኪፔዲያም ተጠንቷል፤ የእንግሊዝኛው አርታዒ ቁጥር ከ2007 በኋላ የወረደበት አንዱ ምክንያት በቅን ልብ የመጡ ጀማሪዎች የጻፉት ወዲያው እየተሰረዘ መመለሱ ነበር። ነባሮቹ በብዛት አልሸሹም፤ አዲሶቹ አልሰነበቱም።

ፍርሃትዎ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ዩዝኔት የሚባለው የመድረኮች አያት በ1979 ታስቦ በ1980 በሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ተጀመረ። በየዓመቱ መስከረም አዲስ ተማሪ ይጎርፋል፣ ወግ አያውቅም፣ ነባሮቹ እየገሠጹ ያስተምሩታል፤ ጥቅምት ሲገባ ሰው ይሆናል። ከ1993 ወዲህ ግን ኢንተርኔት ለሕዝብ ሲከፈት፣ ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኢንተርኔት አቅራቢም ደንበኞቹን ይዞ ሲደርስ ጎርፉ ሳይቋረጥ ቀረ፤ «ማለቂያ ያጣው መስከረም» ብለው ሰየሙት። ለእኛ መስከረም አደይ አበባ ነው፤ ለእነሱ የዓለም ፍጻሜ ሆነ። ያ ቁጣ ቢያንስ እውነተኛ ጎርፍ ነበረው። እርስዎ ግን በሳምንት ሁለት ጥያቄ እየመጣልዎት የጎርፍ ዘብ ያቆማሉ። ዩዝኔትን ያዋለደው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የዩዝኔት ሰርቨሩን በ2010 ዘጋ፤ ጉግልም በ2024 በራሱ በኩል ወደ ዩዝኔት መጻፍን አቆመ።

የፕሮግራም ጸሐፊዎች መጠያየቂያ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ከእርስዎ ይልቅ ብልህ ነበር፤ ጠባዩ ጀማሪን እንደሚያሸማቅቅ በ2018 በራሱ አፍ አመነ። በ2021 በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ መጣና የጥያቄው ቁጥር ተናደ። ማሽኑ የተማረው እንዲህ ካሉ መድረኮች ልጥፍ ጭምር ነው፤ ጋሼ በነፃ ያስተማሩትን ይዞ፣ ጋሼ ያልነበራቸውን አንድ ነገር ጨመረበት፦ «ፍለጋ የሚባል ነገር አለ» አይልም። ሲሳሳት እንኳ በትህትና ነው።

የቆዩ ቂሞቻችንንም በአጭሩ።

ሥዕሎቹ። በ2017 የሥዕል ማስቀመጫው ፎቶበኬት በሌላ ድረ ገጽ ላይ ሥዕል ለማሳየት በዓመት 399.99 ዶላር ሲጠይቅ በዓለም ዙሪያ ያሉ የጥገና ርዕሶች በአንድ ክረምት ታወሩ። ታይኒፒክ በ2019 ተከተለ። ሥዕሉን በራስዎ ሰርቨር ላይ እንዳይጫን የከለከሉት እርስዎ ነበሩ፤ ቦታ ለመቆጠብ።

ከልጥፉ የሚረዝም ፊርማ።

ፊደሉ። በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ደረጃ) ግዕዝ የገባው በ1999 ነው፤ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፉ 3 ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል። ሰንጠረዥዎ መጀመሪያ በላቲን-1 (እያንዳንዱን ፊደል በ1 ባይት በሚይዘው የቆየ የላቲን ኮድ) ስለተተከለ ለ255 ቁምፊ የተመደበው የርዕስ ቦታ በአማርኛ 85ኛው ፊደል ላይ ይቆርጥ ነበር። ይህስ ይታለፋል። የማይታለፈው ሰርቨር ሲቀየር የሆነው ነው፦ አንዱ ባክአፑን በተሳሳተ ኮድ መለሰው፣ ጽሑፉ ባለ ቆብና ባለ ጭራ የላቲን ቁምፊ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ይድናል፤ ባይቶቹ አሉ፣ መንገዱን ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። «ላስተካክለው» ብሎ ሁለተኛ የለወጠው ሰው ግን በነካው ክፍል ያለውን እያንዳንዱን ፊደል የጥያቄ ምልክት አደረገው። የጥያቄ ምልክት አይመለስም። የስደት የመጀመሪያ ሳምንት ምክር፣ የሞግዚትነት ቪዛ ልምድ፣ የእናት ሞት በሰው አገር የተነገረበት ሌሊት፣ ሁሉም «????»። ጥያቄን ሲቆልፉ የኖሩት ክቡርነትዎ በጥያቄ ምልክት ተሞልተው ቀሩ።

በሳይበር ኢትዮጵያ ድረ ገጽ ስር የነበረው መድረክ ስሙ «ዋርካ» ነበር። ከዋርካ ስር የተቀመጠ ሽማግሌ መንገደኛ ሲመጣ ፈቀቅ ይላል።

ዶሜይኑ። በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ሰው ካርድ፣ በአንድ ሰው ኢሜይል ነው ያለው፤ እኚህ ሰው ከታዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ካርዳቸው ካለፈበትና ስሙን የሚያድሰው ድርጅት ከሰረዘው፣ ባለ ዶት ኮም ስም 30 ቀን በመዋጃ ይቆያል፣ 5 ቀን ለመሰረዝ ይጠብቃል፣ ከዚያ ማንም ይወስደዋል። ሲበዛ የሚወስደው ቁማር ቤት ነው። ሁለተኛ ሰው ፓስወርድ መያዝ አለበት ያሉትን ሦስት አባላት «በአስተዳደር ጉዳይ ጣልቃ መግባት» ብለው አገዷቸው።

ደግሞ ያ «ዛሬ የተወለዱ አባላት» የሚለው ሳጥን። ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ሰዎች «እንኳን ተወለድክ» ይላል፣ በየዓመቱ፣ ሳያመልጠው። የሚያስታውሳቸው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህኛውን አያጥፉት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
- ለጋሼ የክብር አባል (በውስጥ መስመር)
- ለቴሌግራሙ ግሩፕ፦ ባለጉዳዩ ወደ እናንተ መጥቶ በ4 ደቂቃ ሦስት መልስ አግኝቷል። ሁለተኛው «ማንኛውም የኦቶማቲክ ዘይት ይሆናል» ያለው ስህተት ነው። ወደ ላይ ሳይሸሽ አርሙት፤ ነገ የሚመጣው ያንኑ አንብቦ ይሞላል።
- ለቪትዟ ባለቤት፦ ሲቪቲ ዘይት ብቻ። ኮዱ ከመኪናዋ መመሪያ ደብተር ላይ አለ፤ ጋራዡ ጠርሙሱን ሲያመጣ ያንኑ ኮድ አንብበህ አስከፍት።