ዓይንዎን ብቻ ጣል ያድርጉባት

ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ ልተኛ ስል ስልኬ ብልጭ አለ። «ጋሼ፣ እንዴት አመሹ? ይቺን ጽሑፍ ዓይንዎን ብቻ ጣል ያድርጉባት። ነገ ጠዋት ነው የሚዘጋው።» ከመልእክቱ ሥር ፋይል ተንጠልጥሏል። ስሙ «የእውነት የመጨረሻ 3» ይላል።

የሚዘጋው ማመልከቻው ነው። ልጁ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር እያመለከተ ነው፤ ጽሑፏም ማን እንደሆነና ለምን መማር እንደፈለገ የሚያስረዳባት ናት። ከዓመታት በፊት እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ፣ በሚያውቁኝ ሰዎች ዘንድ ያለ ደመወዝ የተሾምኩ ዓይን ጣይ ሆኛለሁ። እስካሁን በሰው ማመልከቻ ላይ የጣልኩት ዓይን ቢለቀም ጆንያ ይሞላል።

የምታናድደኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። «ብቻ» ስትፈታ እንዲህ ናት፤ ሰዋስዉን አስተካክል፣ ሁለቱን ገጽ ወደ አንድ አውርድ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም በትክክል መጻፌን አረጋግጥ፣ ስትጨርስ ደግሞ «አሪፍ ናት» በለኝ። ልጁ ለዚህ ማመልከቻ ሦስት ወር ነበረው። እኔ ያለኝ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰባቱን ለእንቅልፍ አስቤያቸው ነበር።

ይሁን ብዬ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለከርሰ ምድር ውሃ ልዩ ፍቅር ነበረኝ።»

ዘጋሁት። ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። እሱም የከርሰ ምድር ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ግን ምንም ልዩ ስሜት አልተሰማኝም።

ልጁን አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ቢሮ አብረን ሠርተናል፤ አለቃውም እኔ ነበርኩ። ስለ ኳስ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ስለ አዲስ ስልክ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ በፍቅር ሲያወራ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ሥራው ላይ ግን አይታማም። አንዴ የ11 ጉድጓዶች የውሃ ጥልቀት እኩሉ በሜትር፣ እኩሉ በጫማ ተመዝግቦ ኖሮ፣ ሁላችንም አይተን ያለፍነውን እሱ ነው የደረሰበት። ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አስተካከለው። ይሄ ታሪክ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ፍቅሩ ብቻ ነው ያለው።

ደወልኩለት። «ከልጅነቴ የምትለዋን አውጣት» አልኩት።

«ጋሼ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?» አለኝ።

ተረት ለሚጠቅስልኝ ሰው ልቤ ቶሎ ይሸነፋል፤ ያውም ውሃ ላለበት ተረት። ግን የነገሩ ሥር ልጅነት አይደለም። ያንን ጽሑፍ የሚያነቡት ከራሳቸው ሥራ ሰዓት ቀንሰው የተቀመጡ መምህራን ናቸው። ማወቅ የሚፈልጉት ምን እንደሠራህ፣ ምን ጥያቄ ይዘህ እንደምትመጣ፣ ለምን እነሱ ዘንድ እንደመረጥክና ከማን ጋር መሥራት እንደምትፈልግ ነው። የሚመጣላቸው ግን ሕፃን ነው። አንዱ ሕፃን ከዋክብት ይቆጥራል። አንዱ የቤቱን ሬዲዮ ይፈታታል። አንዷ አሻንጉሊቷን መርፌ ትወጋለች። ማመልከቻው የመዋዕለ ሕፃናት እንጂ የድኅረ ምረቃ አይመስልም።

ልጁን ሙሉ በሙሉ ልኮንነው አልችልም። ራስን ማሞገስ ያሳፍራል። «ጎበዝ ነኝ» ማለት የከበደው ሰው «ፍቅር አለኝ» ይላል። ፍቅር ማስረጃ አይጠየቅበትም።

እዚህ ላይ የምወደውን ተረት ካላነሳሁ አይሆንልኝም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።» ሰውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተረት ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሰው የራሱን ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሲጽፍ አላየም።

እኔ ሳመለክት ሦስት ሪኮመንዴሽን ተጠየቅሁ። ሁለቱ ተገኙ። ሦስተኛውን ለመጠየቅ የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ መምህር ቢሮ ሄድኩ። የሉም። ደግሜ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው አገኘኋቸው። ፈገግ ብለው «አንተው ጻፈውና አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ» አሉኝ። ትልቅ ደግነት የዋሉልኝ መስሏቸው ነበር። ለእኔም እንደዚያው መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ በመምህሬ ስም ስለ ራሴ ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ይህን ተማሪ ለሦስት ዓመታት አውቀዋለሁ።» እዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚያስ? «እጅግ ጎበዝ ነው» አልኩ። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አፈርኩ። «እጅግ»ን አወጣሁ። «ጎበዝ»ም ከበደኝ። ቀነስኩ፣ ቀነስኩና መጨረሻ ላይ «ደህና ተማሪ ነው» ላይ ረጋሁ። ቅጹ ደግሞ ሠንጠረዥ አለው። ይህ ተማሪ ካስተማሯቸው ሁሉ የት ይመደባል ይላል፤ ከላይኛው 1 በመቶ? 5 በመቶ? 10 በመቶ? 25 በመቶ? ለራሴ 25 ሰጠሁ። ለራሱ ቆርሶ ያሳነሰ ሰው ካላያችሁ እኔን እዩኝ።

በኋላ ነው የገባኝ። በሪኮመንዴሽን ቋንቋ «ደህና ተማሪ ነው» ማለት «አደራ፣ እንዳትነኩት» ማለት ነው።

አብሮኝ የተመረቀ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አላነሳም፤ ነገሩን ግን አልረሳም። እሱም «አንተው ጻፈው» ተብሎ ነበር። «በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ገጥሞኝ አያውቅም» ብሎ ጻፈ፤ በሃያ ሦስት ዓመቱ። ሠንጠረዡ ላይ 1 በመቶው ውስጥ ገባ። ተፈረመለት። ሄደ። እኔ «እናዝናለን» የሚል አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ አመልክቼ ነው የተሳካልኝ። ያን ጊዜ ለራሴ ስንት በመቶ እንደሰጠሁ አትጠይቁኝ።

ያቺ የ25 በመቶ ትሕትና ሌላም ዕዳ አመጣችብኝ። ዓመቱ ሲያልፍ ቶፍል የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቴ ጊዜው አለፈበት። የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፤ አይኤልቲኤስ የሚባለው የሌላው የእንግሊዝኛ ፈተናም እንደዚያው። ቶፍል ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሰው ሲፈትን ኖሮ ጊዜው አላለፈበትም፤ የእኔ እንግሊዝኛ ግን እንደ ሽሮፕ ከተከፈተች በኋላ ቶሎ ትበላሻለች። የሚገርመው ጂአርኢ የሚባለው፣ ስሌትም ያለበት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤት 5 ዓመት መቆየቱ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ላይ ስሌቱን መሥራት እንደምትችል ይታመናል፤ ጥያቄውን አንብበህ መረዳትህ ነው የሚያጠራጥረው። እንደገና ከፈልኩ፣ እንደገና ተፈተንኩ። ሁለት ነጥብ ቀነስኩ። ለካ እውነታቸውን ነው።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ፤ አልጨረስኩም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅጽ ላይ አንዲት ሣጥን አለች። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ እዚያ ገብቶ የተማረ ሰው ስለ እሱ የተጻፈውን ፋይል እንዲያይ መብት ይሰጠዋል። ሣጥኗ ታዲያ «ይህን ሪኮመንዴሽን የማየት መብትህን ትተሃል?» ብላ ትጠይቃለች። «አዎ» በል ብለው የማይመክሩህ የሉም። መብቴን አልተውም ካልክ፣ መምህሩ የልባቸውን አልጻፉም ተብሎ ይጠረጠራል። እኔም «አዎ» አልኩ። ማታ በገዛ እጄ የጻፍኩትን፣ ጠዋት በገዛ እጄ አሽጌ የላክሁትን ደብዳቤ መቼም ቢሆን ላላየው በፊርማዬ ቃል ገባሁ።

ሳወራው ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ግን አያስቅም። ተማሪን አስተምሮ፣ አርሞ፣ አማክሮ ስለ እሱ ግማሽ ገጽ መጻፍ የመምህርነት ሥራ አካል ነው፤ ውለታ አይደለም። ጊዜ የሌለው ሰው «አልችልም» ቢል ተማሪው ሌላ ይፈልጋል። «አንተው ጻፈው» ግን እምቢታም እሺታም አይደለም። ልጁ ገና ከበሩ በሰው ስም እንዲጽፍ ይደረግና፣ የተቀበለው ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ጽሑፍ ስርቆት ገለጻ ይሰጠዋል። የሚጎዳው ደግሞ ሁልጊዜ አፋሩ ነው። ደፋሩ 1 በመቶውን ይዞ ይሄዳል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መምህሬን ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ አየኋቸው፤ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ አላስታወሱኝም። ደህና ተማሪ ነበርኩ እኮ።

የት ነበርኩ? ራስን ስለ ማሞገስ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ማሞገሱ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው የቱን ራስህን እንደምታሞግስ ማወቅ ነው። የሚያመለክት ሰው አንድ ሰው አይደለምና። ለትምህርት ክፍሉ ዓለምን የሚለውጥ ተመራማሪ ነው። ለስኮላርሺፕ ሰጪው ሌላ ሰው ነው። ቼቭኒንግ የሚባለው የብሪታኒያ መንግሥት ስኮላርሺፕ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቅህና መሪ መሆንህን በጽሑፍ አስረዳኝ ይላል። 2,800 ሰዓት ሙሉ «እሺ ጌታዬ» ስትል የኖርክ ሰው መሪነትህን ከየት ታመጣለህ? ትፈልጋለህ፤ ታገኛለህም። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ወንበር አስተካክለህ ነበር።

ኤምባሲው በር ላይ ስትደርስ ደግሞ ባለጸጋ ነህ። ብሪታኒያ ለመግባት የሚፈለገው ገንዘብ 28 ተከታታይ ቀን አካውንትህ ውስጥ መቀመጥ አለበት። አንድ ቀን ከመጠኑ ከወረደ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ዶሮ እንኳ እንቁላሏን የምትታቀፈው 21 ቀን ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ አካውንት አስቀምጥ ትላለች። እዚያ ስትደርስ በወር 992 ብቻ ይለቀቅልሃል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ሰዎች ይህቺን ላም ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ወተቷን እንኳ ታያለህ፤ ግን በወር አንዴ፣ ተለክቶ።

አሜሪካ ደግሞ የባሰች ናት። እ.ኤ.አ. የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ አንቀጽ አለው፤ ቁጥሩ 214 ነው። በእሱ መሠረት ቪዛ ጠያቂ ተማሪ «ሊቀር ነው የሚሄደው» ተብሎ ነው የሚገመተው፤ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም የራሱ ነው። መስኮቱ ፊት የምትቆመው ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ 350 ዶላር ከፍለህ ነው። እናም ለፕሮፌሰሩ «ዕድሜዬን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ብመራመር ደስታዬ ነው» ብሎ የጻፈው ሰው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለቆንስሉ «አንድ ቀን እንኳ አላድርም» ሊል ይቆማል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ላብ ግን ያስወጣሉ።

ይሄን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ ስፈትል ስልኬ እንደገና ብልጭ አለ። «ጋሼ፣ አዩልኝ?»

ወይ ጉድ። እኩለ ሌሊት አልፏል። ተነስቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ከነፍቅሩ ቆርጬ ጣልኩ። በእሱ ቦታ 11ዱን ጉድጓዶች አስገባሁ፤ ሜትሩን፣ ጫማውን፣ ሦስቱን ቀን። መካከሉን፣ እውነት ለመናገር፣ በወጉ አላነበብኩትም። መጨረሻው አንቀጽ ላይ «የዚህ ታላቅ ተቋም አባል መሆን ሕልሜ ነው» ይልና የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራል። አምስት ቦታ ነው ያመለከተው። ስሙን ቀየርኩ። «አሪፍ ናት» ብዬ ላክሁለት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! ሪኮመንዴሽኑም ነገ ነው እኮ የሚዘጋው። ሊንኩ ኢሜይልዎ ላይ ገብቷል።»

ኢሜይሌን አየሁ። እውነቱን ነው። ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ከፈትኩት፤ ያ ሠንጠረዥ ዛሬም አለ። 1 በመቶ፣ 5 በመቶ፣ 10 በመቶ። ዓይኔ ተጨፈነ።

«ረቂቁን አዘጋጅና ላክልኝ» አልኩት። ረቂቁን ብቻ ነው ያልኩት። ይለያል።