«ውረጂ! ውረጂ!» እሺ፣ ወዴት ልውረድ?

ዛሬ ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው፤ ታገሱኝ።

በአንድ እግር ስኳት ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን እግር ወደፊት ዘርግቶ በሌላው ብቻ ቁጢጥ ብሎ መነሳት። ፒስቶል የሚሉት። እኔ እሱን ለመቻል እየታገልኩ ነው። ለቲክቶክ አይደለም። የምኖረው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ መውረድ ማለት ደግሞ በየእርምጃው መላ ሰውነትን በአንድ እግር ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ጉልበቴ ይህን ሥራ ሳያጉረመርም እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው ምኞቴ።

ጂሙ ውስጥ ያሉት አሰልጣኞች ግን የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ውረጂ!» ከወዲያ ጥግ ስልካቸውን እየነካኩ «ውረጂ!» የታክሲ ረዳት እንኳን እንደዚህ አይጮህም። ግማሽ ላይ ስደርስ ተረከዜ ከመሬት ይነሳል፣ ቁርጭምጭሚቴ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ወደኋላ ዘጭ። «ፍርሃት ነው እኮ! ጨክነሽ ውረጂ!» ወንድሜ፣ መውረድ ብችል ኖሮ አንተን ምን አስጮኸህ?

ጎንበስ ብሎ እግሬን ያየ አንድ ሰው የለም። «ወለም ብሎሽ ያውቃል?» ብሎ የጠየቀኝም የለም። ብሎኛል! ተማሪ እያለሁ ግራ ቁርጭምጭሚቴን ክፉኛ ወለም ብሎኝ፣ ወጌሻ በቅቤ አሽቶኝ፣ እብጠቱ ሲጎድል «ዳነች» ተብዬ ተረሳ። ወለምታ ግን እብጠቱ ስለጠፋ ብቻ አለቀ ማለት አይደለም። መገጣጠሚያው ግትር ብሎ ሊቀር ይችላል። እግር እንዴት እንደቆመ ለአንጎል የሚነግረው ስሜትም ይደክማል። በሁለት እግር ስትቆሙ አይታወቃችሁም፤ ጤነኛው ይሸፍንለታል። በአንድ እግር ሲሆን ነው ጉዱ የሚወጣው።

ማወቂያው ደግሞ እንዴት ቀላል መሰላችሁ። ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ፊት ቁሙ። ተረከዛችሁ መሬት ሳይለቅ ጉልበታችሁን ግድግዳው ላይ አስነኩ። ከዚያ እግራችሁን ትንሽ በትንሽ ወደኋላ እያራቃችሁ ድገሙት፣ ተረከዙ ሊነሳ እስኪል ድረስ። በእግራችሁ አውራ ጣትና በግድግዳው መሃል ስንት የእጅ ጣት ይገባል? በቀኝ እግሬ ስድስት ይገባል። በግራው ሦስት። አለቀ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፣ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ጩኸትማ ጭራሽ አያስፈልግም።

ቁርጭምጭሚት ካልታጠፈ ጉልበት ወደፊት አይሄድም። ጉልበት ወደፊት ካልሄደ መቀመጫ ወደኋላ ይሸሻል። ያኔ የሰውነት ክብደት ከእግር መዳፍ ኋላ ይሆናል፣ ሰውየውም ይወድቃል። ተጨክኖም ይወደቃል፣ ተፈርቶም ይወደቃል። በሁለት እግር ቢሆን እግርን ከፈት አድርጎ፣ ጣትን ወደ ውጭ አዙሮ ማምለጥ ይቻላል። በአንድ እግር ይህ መውጫ ብዙም አያዋጣም።

የሚያሳብደኝ ደግሞ ሌላኛው አሰልጣኝ ነው። «ጉልበትሽ ከጣትሽ እንዳያልፍ!» አንደኛው ውረጂ ይላል፣ ሌላኛው የምወርድበትን መንገድ ይዘጋብኛል። እባካችሁ መጀመሪያ እርስ በርስ ተስማሙ! አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንን በ2003 ፈትሸውታል። ብረት ተሸክመው ስኳት የሚሠሩ ሰዎች ፊት ጣውላ አቁመው ጉልበታቸው ወደፊት እንዳያልፍ ከለከሉ። ጉልበት ላይ ያለው ጫና 22 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ዳሌ ላይ ያለው ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ። ጫናው የትም አልሄደም ማለት ነው። በአንድ እግር ዝቅ ለማለትማ ጉልበት ከጣት ማለፉ የግድ ነው። ዋናው ነገር ወደ ውስጥ አለመጠምዘዙ ነው፤ እሱን የሚይዘው ደግሞ በዳሌ ጎን በኩል ያለው ጡንቻ ነው። ስለ እሱ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

አንድ ቀን ተረከዜ ስር ትንሿን የ2.5 ኪሎ ፕሌት፣ ማለትም ክቧን የክብደት ብረት፣ አስገብቼ ሞከርኩ። ወረድኩ! ባቴ ጭኔን እስኪነካ ወረድኩ። ተረከዝ ከፍ ሲል ቁርጭምጭሚት ያን ያህል መታጠፍ አይጠበቅበትም። እና አሰልጣኛችን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄማ ማጭበርበር ነው።» ይህን የሚለኝ እግሩ ላይ ምን አድርጎ መሰላችሁ? ተረከዙ ከፍ ያለ የክብደት አንሺ ጫማ! እኔ ሳደርገው ማጭበርበር፣ እሱ ገዝቶ ሲያደርገው ፕሮፌሽናል።

አምስት ኪሎ ፕሌት በሁለት እጄ ወደፊት ዘርግቼ ስሠራም ሳቁብኝ። «ባዶሽን ያቃተሽ ክብደት ጨምረሽ?» አዎ፣ ጨምሬ! ከፊቴ ያለው ክብደት ወደኋላ የሚጎትተኝን ያመጣጥነዋል፤ ስለዚህ ይቀላል። ሞክሩትና ከዚያ ሳቁ።

አጋዦቼን ደግሞ አልነገርኳችሁም። ሴት በአንድ እግር ስትንገዳገድ ካዩ ከየማሽኑ እየተነሱ ይመጣሉ። «እህቴ፣ እጅሽን ልያዝልሽ?» አይያዝ። መያዝ ካስፈለገኝ ምሰሶው አለልኝ፤ ምሰሶው ደግሞ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። «ሆድ ለማጥፋት ከሆነ ይሄ አይሆንም» ያለኝም አለ። ስለ ሆዴ ማን ጠየቀህ?

ሚዛን እንዲስተካከልልኝ ተብሎም ያቺ የምትወዛወዝ የጎማ ግማሽ ኳስ ላይ ወጥቻለሁ። እሷ ላይ ሆኜ ከመንቀጥቀጥ በቀር የሠራሁት የለም። እግር የሚገፋው ጠንካራ ነገር ሲያጣ በቂ ኃይል አያወጣም። ለእኔ የሠራልኝ ባዶ እግር፣ ደረቅ ወለል፣ ተረከዝን፣ የአውራ ጣትን ስርና የትንሿን ጣት ስር እኩል መሬት ማስያዝ፣ ዓይንን ደግሞ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ላይ መትከል ነው። መስታወት አይሆንም። እኔ ስወዛወዝ እሱ ውስጥ ያለችውም አብራኝ ትወዛወዛለች።

ጥልቀትን በተመለከተ ደግሞ ሳጥን ያስፈልጋል። ከኋላ አስቀምጦ፣ በአንድ እግር ቀስ ብሎ፣ ሳይዘፈዘፉ ቁጭ ብሎ መነሳት። ሲለምድ ከፍታውን መቀነስ። ሳጥን አለን፣ የለንም አልልም። ጃኬት ተከምሮበታል፣ ቦርሳ ተደርቦበታል፣ ጫፉ ላይ አንዱ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ እያየ ነው። «ልጠቀምበት?» ስለው «ሦስት ዙር ይቀረኛል» ይላል። የምኑን ዙር?

ስለዚህ ቤቴ ደረጃ ላይ ጀመርኩ። ጠርዙ ላይ በአንድ እግር ቆሜ፣ የሌላውን ተረከዝ ወደታችኛው ደረጃ ቀስ አድርጌ አውርጄ፣ ነካ ብቻ አድርጌ መመለስ። ጎረቤታችን እትዬ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወጡ ሁሌ ይቆማሉ። «ልጄ፣ ምን ወደቀብሽ?» ይሉኛል። ስፖርት ነው ስላቸው «ኧረ በሞቴ አትሰበሪ» ብለው ያልፋሉ። ከአሰልጣኞቹ ሁሉ የተሻለ ክትትል ከእሳቸው ነው ያገኘሁት።

የዛሬው ብስጭቴ ግን በፕሌቷ ነው። ጂም ገብቼ መደርደሪያው ላይ ፈለግኳት፣ የለችም። ወለሉ ላይ የለችም። ጽዳቷን ጠየቅኳት። የሽንት ቤቱ በር እየተዘጋ ስላስቸገረ ፕሌቷን አስደግፈውበታል። ላነሳት ስል ከወዲያ ጥግ አሰልጣኙ ጮኸ፦ «እሱን አትንኪ፣ በሩ ይዘጋል!»