የሐይቅን ዳርቻ ድምፅ ማን ይቅዳው?

ወሎ በዜማ አይታማም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሚጠሩት በዚሁ ምድር ስም ነው። ዘፈኑ በሸክላም በካሴትም ተቀድቶ ተቀምጦልናል። አገሩ ራሱ የሚያሰማው ድምፅ ግን፣ የሐይቅ ዳር ወፍ፣ ደንገል ውስጥ የሚንጫጫው እንቁራሪት፣ የቦረና ሳይንት ጭላዳ፣ ይህን ያህል አሳቢ አላገኘም።

የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ናሽናል ትረስት ከተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሆኖ የአገሩን የባሕር ዳርቻ ድምፆች ካርታ ሠርቶ ነበር። የፈለገ ሰው ማዕበሉን፣ ወፉን፣ የወደቡን ግርግር በስልኩ ቀድቶ ይልካል፤ ድምፁ የተቀዳበት ቦታ ካርታው ላይ ይሰፍራል፤ ቅጂው ለትውልድ ይቀመጣል። እኛ ባሕር ባይኖረንም ዳርቻ አለን።

ሐይቅ ከሚባለው የወሎ ሐይቅ እንጀምር እላለሁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ውኃው ድሮ እስከ የት ይደርስ እንደነበር መሬቱን ያጠና ሰው ይደርስበታል። በዚያ ዳርቻ ምን ይጮኽ እንደነበር ግን ዛሬ ከየትም ቆፍረን አናወጣውም። የአሁኑም እንዲሁ እንዲያመልጠን መፍቀድ የለብንም።

ከጦርነትና ከድርቅ ለተረፈ ሕዝብ የወፍ ጩኸት ምን ይፈይዳል የሚል ይኖራል። ጥያቄውን አልንቀውም። ነገር ግን ደንገሉ ሲመነጠር እዚያ ጎጆ የሚሠሩት ወፎች አካባቢውን ይለቃሉ። የዘንድሮውን ንጋት ከአምስት ዓመት በኋላ ካለው ጋር አስተያይቶ የሚሰማ ሰው ሐይቁ ምን እንደጎደለበት ያውቃል፤ በዚያ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምደውም ከብቱን የሚያጠጣውም ወሎዬው ነው።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ስልክ የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ራቅ ያለውን ድምፅ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያፍነዋል፤ ይህን ማጣሪያ ማጥፋት የሚቻልበት የመቅጃ መተግበሪያ መምረጥ ያሻል። ማይኩን ከነፋስ በስፖንጅ መከለል፣ ስልኩን በእጅ ከመያዝ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በቃል መናገር አይረሳ። ቅጂው በቴሌግራም ሲላክም በፋይል ይሁን፤ የድምፅ መልእክት ሆኖ ከሄደ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል። ንጋት ላይ የሚቀዳ ሰው አዛኑም ደወሉም ይገባበታል። ይግባ! ያለ እነሱ የወሎ ንጋት አይሆንም።

ቅጂውን ተረክቦ የሚያስቀምጥ ቋሚ ቤት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የለም። የሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር አንዱን ዙር በጥር፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች እዚህ ሳሉ፣ ሌላውን በሰኔ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ ከዚያው ቦታ በዚያው ሰዓት ቢቀዱ ካርታው ተጀመረ ማለት ነው።