ታፔላ የሌለው ቤት

ነገሩ የጀመረኝ ከዩቲዩብ ነው። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት አንድ ነጭ ሽማግሌና ባለቤቱ መኪና ውስጥ ሲኖሩ አየሁ፤ ጠዋት ተራራ ስር ይነቃሉ፣ ማታ ባህር ዳር ያድራሉ (ባህር ዳር ስል የጣናዋን አይደለም፣ የእውነት ባህር ዳር)፣ አልጋው መኪናው ውስጥ፣ ምድጃው መኪናው ውስጥ፣ ሻወሩ ራሱ መኪናው ውስጥ። እኔን የገረመኝ ግን አልጋውም ሻወሩም አይደለም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አይቼ አንድ ሰው መጥቶ አላንኳኳባቸውም። አንድ ሰው! እንዴት አደራችሁ ያላቸው የለም፣ ልጅ ተልኮ "እማዬ ወንፊት ስጡኝ ብላለች" ያለ የለም፣ ቁጭ ብለው ሐይቅ ያያሉ በቃ።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ደሴ ውስጥ በር መዝጋት መታመም ነው። ቅዳሜ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት በርህ ካልተከፈተ ጎረቤታችን እትዬ አጥሚት ይዘው ይመጣሉ፣ እስከ አምስት ሰዓት ካልተከፈተ እድሩ ይሰማል። ሰው አልጠላም ወላሂ፣ ወሎ ተወልዶ ሰው የሚጠላ የት ሊደርስ ነው፣ ግን አንዲት ሌሊት፣ አንዲት ብቻ፣ ማንም ሳያንኳኳ ማደር አማረኝ። እርጉዝ እንኳ ያማራትን ታገኛለች።

ኮሎራዶ ያለው የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ቤት የሆነ መኪና እንዳለው ትዝ አለኝና በኢሞ ደወልኩለት። ስለ ልጆቹ ስጠይቀው "ደህና ናቸው" ብሎ የሚዘጋው ሰውዬ ስለዚህ መኪና አንድ ሰዓት ከሩብ አወራኝ። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚለዩት አለ። ኤ የሚሉት በቃ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው፣ ወንበሩን አውጥተው ሳሎን ያስገቡበት። ሲ ደግሞ የጭነት መኪና ሻሲ ላይ ቤት ተሠርቶበት ከሾፌሩ አናት በላይ ቆጥ የመሰለ አልጋ ያለው ነው፣ እናቴ ፎቶውን አይታ "ዶሮዎቹ እዚያ ነው የሚያድሩት?" ብላለች። ቢ የኛ ሚኒባስ ማለት ነው፣ ውስጡ አልጋ የገባለት። ኤ ትልቁ፣ ቢ ትንሹ፣ ሲ መሃለኛው! ፊደሉን ያወጣው ሰው ሀሁ ሲቆጠር ከክፍል ጠፍቶ መሆን አለበት።

ከዚያ ተሳቢው አለ። እኛ ጋ ተሳቢ ሲባል የሚታየን ጅቡቲ የሚመላለሰው ነው፣ እነሱ ግን ቤቱን ከመኪናቸው ኋላ አስረው ይጎትታሉ፣ ሲደርሱ ቤቱን ፈትተው አስቀምጠው በመኪናው ገበያ ይሄዳሉ። ይሄ ጥሩ ነው አልኩ። ቆይ አለኝ። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፣ ካነሰ ተሳቢው ዝንብ እንደበዛበት በሬ ጭራ ግራ ቀኝ ይወናጨፍና አንተንም ይዞህ ገደል ይገባል። ደግሞ ሻጩ የሚነግርህ የባዶውን ክብደት ነው። የባዶው ክብደት ማለት የገባኝ እንዲህ ነው፣ ሽማግሌ ተልኮ የሙሽራው ደመወዝ ይነገርና ዕዳው ይዘለላል አይደል፣ እሱ ነው። ውሃ ብቻውን 100 ሊትር 100 ኪሎ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ዘመድ ጋ አይሄድም፣ ጤፉ፣ ቅቤው፣ አንዳንዴም በጉ ቆሞ፣ ስለዚህ የአሜሪካኑን ሂሳብ በሁለት ማባዛት ነው።

በነገራችን ላይ ወሎ ላይ ከባድ ተሳቢ ጎትቶ መግባትን በደንብ የሞከሩት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ሴባስቶፖል መድፋቸው 7 ቶን ገደማ ነው የሚባለው፣ ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነስተው መንገድ እየተጠረገ፣ ሰው እየጎተተ፣ መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው፣ 1860 ላይ ደረሰ። እስከዛሬም እዚያው ተራራው ላይ ተቀምጧል። ወሎ የገባ ተሳቢ ተመልሶ አይወጣም ማለት ነው፣ ይሄን ያኔ ልብ ብል ኖሮ ጥሩ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሳነሳበት ዝም አለ፣ ልጅ ሆኖ በአውቶቡስ ሲወርድ ያስመለሰው እዚያ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው ግን 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ናት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል፣ ደሴ ያለችው 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ሩቡን ጉልበት ታች አስቀምጦ ነው የሚመጣ። ቁልቁለቱስ? ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም፣ በከባድ ማርሽ ነው መውረድ፣ ኋላህ ቤት ታስሮብህ ከሆነ ደግሞ ዱዓም ይጨመርበታል። ተሳቢው በዚሁ ቀረ።

ለባለቤቴ ነገሩን ያቀረብኩት በታሪክ በኩል ነው። ድሮ "ከተማ" ማለት እኮ የንጉሥ ድንኳን የተተከለበት ሰፈር ማለት ነበር አልኳት፣ ደሴም ብትሆን አፄ ዮሐንስ ወሎ ላይ ሰፍረው ሳለ በ1875 ጭራ ያለው ኮከብ አይተው ደስ ብሏቸው ነው "ደሴ" ያሏት ይባላል፣ ስለዚህ ከተማችን ራሷ የተጀመረችው በካምፒንግ ነው። ረጋ ብላ ሰማችኝ፣ ጨርሳ ሰማችኝና "እና አንተ የትኛው ንጉሥ ነህ?" አለችኝ።

እናቴ የያዘችው ሽንት ቤቱን ነው። ሦስት ታንከር አለው አልኳት፣ አንዱ ንጹህ ውሃ፣ አንዱ የእቃና የእጅ ማጠቢያ ውሃ የሚገባበት፣ ሦስተኛው ጥቁር የሚሉት ደግሞ፣ ማለት፣ ያው።

"ይዘኸው ነው የምትዞረው?"

"እስኪሞላ ነው እማ።"

"ሲሞላስ?"

"እዚያ አገር መድፊያ ጣቢያ አለ፣ በቧንቧ አገናኝተህ ትለቀዋለህ።"

"እዚህስ?"

መልስ አልነበረኝም። "ልጄ፣" አለች፣ "ሰው ከቤት የሚወጣው እኮ ከሱ ለመራቅ ነው።" ሽንት ቤቱም ተሰረዘ። በጋዝ የሚሠራውን ፍሪጅ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ካልቆመ በደንብ አይሠራም ይላሉ፣ ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ እዚህ ሻይ ራሱ ብርጭቆው ውስጥ ያጋደለ ነው።

አዲስ ማምጣት አይታሰብም። ነዳጅ የሚጠጣ የግል መኪና ማስገባት ከ2016 ወዲህ ተከልክሏል፣ ብሩስ ከየት ይመጣል። ደላላ አሮጌ ዶልፊን አገኘልኝ። "የዶክተር መኪና ናት፣ ከቤት ሆስፒታል ብቻ ነው የነዳት" አለኝ፣ ውስጧ ስገባ ጣሪያው ላይ "ሒሳብ ሳይጠየቁ ይክፈሉ" የሚል ተለጥፏል። ዶክተሩ ጎበዝ ነጋዴ ነበር ማለት ነው። ኮምቦልቻ ጋራዥ አስገባሁት፣ ወንበሩ ወጣ፣ በያጁ የብረት አልጋ ሠራ፣ ቢጫ ጀሪካን ቧንቧ ተገጠመለትና የውሃ ታንከር ሆነ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ታች ባትሪ። ሁለት ሳምንት ነበር የተባልኩት፣ ሁለት ወር ፈጀ፣ እሱም አይገርምም። ሊብሬው ግን አሁንም የሕዝብ ማመላለሻ ይላል፣ እሱን ለማስቀየር የሄድኩበትን አንድ ቢሮ አላነሳም፣ "ወንበር ከሌለው መኪና አይደለም፣ ጎማ ካለው ቤት አይደለም፣ ምን ብለን እንጻፈው?" ብለው እኔኑ ነው የጠየቁኝ።

ባለቤቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበራት፣ ረከቦቱ ይገባል። በጋዝ ምድጃ አፍይው አልኳት፣ በጋዝ የፈላ ቡና መድኃኒት እንጂ ቡና አይደለም አለች። ከሰል ደግሞ ዝግ መኪና ውስጥ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል፣ ይሄ ቀልድ የለበትም፣ ስለዚህ ቡና በተፈላ ቁጥር በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል ተባባልን። ይሄ ስምምነት ነው ጉድ የሠራኝ።

የመጀመሪያው ጉዞ ሐይቅ ነበር፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች፣ በቃ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ እትዬ ብቅ አሉ፣ "ሐይቅ ከሆናችሁ የእህቴ ልጅ ወልዳለች" ብለው የገንፎ እህል ይዘው አልጋው ላይ ተቀመጡ። ሸሁ ጎረቤታችን እስከ ቦሩ ሜዳ ብቻ አሉ። የእትዬ የልጅ ልጅ ሴትዮዋ የገቡበት ሁሉ ይገባል። መውጫው ላይ ልጆቹን ላሸና ስቆም አንድ ልጅ በሩን ከፍቶ "ሐይቅ ሐይቅ! ሁለት ሰው የቀረው!" ማለት ጀመረ፣ አረ ቤት ነው ስለው ሦስት ሰው ገብቷል። ተራ አስከባሪው ደግሞ ከተራ ውጪ ጫንክ ብሎ ያዘኝ። ቤቴ ነው አልኩት። ወደ ውስጥ አየ፣ ሸሁን አየ፣ እትዬን አየ፣ "ቤትህ ስንት ነው የሚያስከፍለው?" አለ።

ትራፊኩ ይባስ። "ታፔላህስ?"

"የለውም፣ ቤት ነው።"

"መነሻና መድረሻ የሌለው ቤት አይቼ አላውቅም" አለና ትርፍ ሰው ሊቆጥር ገባ፣ ግን ትርፍ የሚባለው ከወንበር በላይ ሲሆን ነው፣ ወንበር ደግሞ የለም። ጭንቅላቱን አከከ። ሸሁ "አብሽር ልጄ፣ ግባና አረፍ በል" አሉት። ምስኪን፣ የሚጽፈው ጠፍቶት ለቀቀኝ።

ሐይቅ ደረስን። ሰው አራግፌ፣ የእትዬን እህል አድርሼ፣ ከከተማው ወጣ ብዬ ውሃው ዳር አንዲት ዋርካ ስር አቆምኩ። ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፣ ውሃው ጸጥ ያለ፣ ቆሮሶ ዓሣ የጫነ ታንኳ ያልፋል። ያ የዩቲዩቡ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። አሥር ደቂቃ። ዕድሜዬን ሙሉ የማልረሳት አሥር ደቂቃ። ከዚያ ባለቤቴ ከሰሉን አያያዘች፣ በሩ ተከፈተ፣ ቡናው ሲቆላ ጭሱ በሐይቁ ነፋስ ሽቅብ መንደር ገባ።

መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ሴትዮ ናት፣ ጀሪካን ይዛ። "ዘይት መጥቷል?" አለች። አልመጣም አልኳት፣ ግን ቆማ ቀረች። እሷ መቆሟን ያየ ሌላ መጣ፣ ከኋላዋ ቆመ። "ክትባት ነው?" ያለች ሕፃን አዝላ መጣች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከመኪናዬ በር እስከ ዋርካው ማዶ ሰልፍ ሆነ፣ ሰልፉን የሚያስተካክል ጎልማሳም ከየት እንደመጣ እንጃ ተገኘ፣ እኔ ራሴ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ስመለስ "ወንድሜ ተራህን ጠብቅ" ተብያለሁ። ባለቤቴ ምን ታድርግ፣ ለተሰለፈው ሰው ቡና ቀዳች። አቦሉ አለቀ፣ ቶና ሆነ፣ ቆሎ መጣ ከመንደር፣ እንጀራም መጣ፣ አንዱ ቆሮሶ ጠብሶ አመጣ፣ ለአገሩ ዱዓ ተደረገ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ቡና ጠጥቼ አላውቅም።

ሲመሽ ልንተኛ ነው አልን። እዚያ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። "የት?" አሉ አንድ ሽማግሌ። እዚሁ መኪናው ውስጥ አልጋ አለ አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። "ሰው የለንም እንዴ? እንግዳ ከነልጁ ሜዳ ላይ አደረ ቢባል እኛ ምን እንባላለን? ምን አስቀየምንህ?" አረ አባቴ ለመዝናናት ነው ብል ማን ሰምቶኝ። ልጆቼ ታዝለው ሄዱ፣ ፍራሹ ከመኪናው ወጥቶ በሁለት ጎረምሳ ትከሻ ሄደ፣ እኛም ተከትለን ሄድን። ከስምንት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አደርን። መኪናው ብቻውን አደረ፣ ሐይቁን እያየ፣ ማንም ሳያንኳኳበት።

ከዚያ በኋላ ግቢ ቆመ። መብራት ሲጠፋ ሶላሩ ስላለ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እዚያ ቻርጅ ይደረጋል። አንድ ጊዜ ለሠርግ ተወስዶ ድስት አመላልሷል። ከዚያ አጎቴ ከወረኢሉ ለሕክምና መጡ፣ ለሁለት ሳምንት፣ ዓይናቸውን ታክመው ለመመለስ። ቤት ውስጥ ልጆች ይረብሻሉ ብለው መኪናው ውስጥ አደሩ፣ ተመቻቸው። ይሄው አምስተኛ ወራቸው። እንግዶቻቸውን እዚያ ይቀበላሉ፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት የተጣሉ ሰዎች እዚያው ውስጥ አስታርቀዋል፣ እኔ ውጪ ቆሜ ነው የሰማሁት።

ትናንት ከሥራ ስገባ መኪናው አጠገብ አራት ትልልቅ ጥርብ ድንጋይ ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ሌሊት ስገላበጥ ይወዛወዛል" አሉኝ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው። "ጎማውን አውልቀን ድንጋዩ ላይ ብናስቀምጠው ይረጋል። ጎማው ደግሞ ገና ደህና ነው፣ ዋጋ ያወጣል። ጎሚስታውን አስጠርቼዋለሁ።"

"የታለ?"

"ውስጥ ነው፣ ቡና እየጠጣ ነው። ምን በር ላይ ትቆማለህ፣ ግባ እንጂ፣ እንግዳ አይደለህ።"